ለጀማሪ ልጅ ፈረስ ስለ መምረጥ

ሰው ለሌላ ሰው አንድ ነገር ሲገዛ ለዚያ ሰው የገዛ ይመስለዋል እንጂ፣ ልቡን ቢመረምር አብዛኛውን ጊዜ የገዛው ለራሱ ሆኖ ያገኘዋል። አባት ለልጁ የሚገዛው መጽሐፍ እርሱ በልጅነቱ ሊያነበው ተመኝቶ ያጣውን ነው፤ እናት ለልጅዋ የምታሰፋው ቀሚስ እርስዋ ለብሳው ልትታይ ትመኝ የነበረውን ነው። በዚህ ብዙ ክፋት የለበትም። መጽሐፉ ቢሰለች ይታጠፋል፤ ቀሚሱ ቢጠብ ይተረተራል። ነገር ግን የሚገዛው ነገር ነፍስ ያለው፣ ልጅንም በጀርባው ተሸክሞ የሚሮጥ ሲሆን የገዢው ስሕተት የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት ለልጄ የመጀመሪያውን ፈረስ ልመርጥ በወጣሁ ጊዜ ነውና፣ የተማርኩትን ለአንባቢ ለማካፈል ይህችን አጭር ጽሑፍ አቀርባለሁ።

የምኖርባት ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን በሶዶ መንገድ ሲሄዱ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኝ የቆላ መንደር ናት። ከደጋው የሚወርደው የሐሬ ወንዝ በመስኖ ያጠጣታልና ዙሪያዋ ሙዝ ነው። እኔ ለመንግሥት ሥራ አርባ ምንጭ ስመላለስ፣ ልጄ የሚያድገው ሙዝ የጫኑ መኪናዎች ሲያልፉ እያየ፣ ሌሊት ከሐይቁ ወጥቶ ስለሚግጠው ጉማሬም ሲወራ እየሰማ ነው። በሬና አህያ ያውቃል፤ ፈረስ ግን በሰፈራችን የለም። የሌለበትንም ምክንያት ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ፈረስን ወደ ቤታችን ያስገባው ቴሌቪዥን ነው። አንድ ዓመት በጥር ወር፣ በእንጅባራ የሚከበረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ቤተ ሰቡ በሙሉ ተሰብስበን ተመለከትን። ይህ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አባቶች አርበኞችንና አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች እያሰበ ያከብራል። ፈረሶቹ በጌጥ አሸብርቀው፣ ሜዳውን ሞልተው በደንገላሳ ሲመጡ ባየ ጊዜ፣ የአሥር ዓመቱ ልጄ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ፤ ትርኢቱም እስኪያልቅ ድረስ አልተቀመጠም። በዚያው ሌሊት ከመተኛቱ በፊት ወደ እኔ መጥቶ፣

«አባዬ፣ ለእኔም ፈረስ ግዛልኝ። ስሙን አባ መብረቅ እለዋለሁ» አለኝ።

ሌላ አባት ቢሆን «እናያለን» ብሎ ባሳለፈው ነበር። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የአገራችን ሰው የታላላቆቹን ስም የሚያስታውሰው ከፈረሶቻቸው ስም ጋር አያይዞ ነው። ቴዎድሮስ ሲባል አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ ሲባል አባ ዳኘው፣ አሉላ ሲባል አባ ነጋ፣ ባልቻ ሲባል አባ ነፍሶ ይባላል። እነዚህን ስሞች በተማሪ ቤት እየሰማ ያደገ ሰው፣ ፈረስ በተባለ ቁጥር በሐሳቡ የሚመጣበት መሬት እየጫረ የሚያናፋ፣ ጋማው የተንዠረገገ ወጣት ድንጉላ ነው። በዚያች ሌሊት በዐይነ ልቡናዬ የታየኝም ይኸው ፈረስ ነበር። በላዩ የተቀመጠው ልጅ ግን በደንብ አልታየኝም።

ይህ ምኞት ደግሞ ሥር ነበረው። እኔ የተወለድኩት ደጋ፣ ጨንቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና ኮርቻ ነክቶት የማያውቅ የሁለት ዓመት ውርንጭላ ገዛልኝ። «አብረው ይደጉ፤ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ» አለ። ንግግሩ ያማረ ነበር፤ የሰሙትም ጎረቤቶች መረቁት። ነገር ግን ሁለት የማያውቁ ምን ይማማራሉ? እኔ የውርንጭላውን ፍርሃት፣ ውርንጭላውም የእኔን ፍርሃት ተማርን። በአራተኛው ቀን፣ አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ ነፋስ ሲያውለበልበው ውርንጭላው ደንብሮ ጣለኝ፤ ቀኝ ክንዴም ተሰበረ። ክንዴን ወጌሻ አቅንቶት በሁለት ወር ዳነ። ያልዳነው ሌላ ነገር ነው። ፈረሱ በተሸጠ ዕለት አባቴ አንድም ቃል ሳይናገር ገንዘቡን ሲቈጥር አየሁትና፣ ጥፋቱ የእኔ ፈሪነት ነው ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ይህንንም ለባለቤቴም ሆነ ለልጄ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ሰው ከወደቀበት ይማራል ይባላል። እኔ ግን ያልተማርኩ መሆኔን አንባቢ ከዚህ ይረዳልኝ፤ ልጄን ይዤ ወደ ፈረስ ገበያ ስወጣ በልቤ የምፈልገው ያንኑ የጣለኝን ውርንጭላ ነበር። እኔ ያልቻልኩትን ልጄ ሲችለው ለማየት እመኝ ነበር።

የባለቤቴ አባት በጨንቻ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የጋሞ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ሸማ ጭነው በፈረስ ከገበያ ገበያ የዞሩ ስለሆኑ፣ ፈረስ ሲገዛም ሲሸጥም ሰው ያማክራቸዋል። ከአባያ ዳር ተነሥቶ በዶርዜ በኩል የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ መንገደኛውን በአንድ ጧት ከሙዝ አገር ወደ እንሰትና ቀርከሃ አገር ያሻግረዋል። ላንቴ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 2700 ሜትር ገደማ ናቸውና፣ ልጄ ከዋዜማው ማታ ጨንቻ የደረሰው ጋቢ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ ነው። በማግሥቱ ቅዳሜ ከአያቱ ጋር ገበያ ወረድን።

ገበያው ገና ሳይደምቅ ዐይኔ በአንድ ዳማ ድንጉላ ላይ ዐረፈ። አንድ ጊዜ ያናፋል፤ አንድ ጊዜ በጎኑ ይሽከረከራል፤ ያዡ ልጅ ለኮውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጎተታል። ባለቤቱ «ሦስት ዓመቱ ነው» አለ። ልጄም እጄን ጭብጥ አድርጎ «አባ መብረቅ!» አለ። እኔም ወደ ኪሴ እጄን ስሰድ ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

«ይህ ፈረስ ምን ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ።

«መሮጥ ነዋ! አያዩትም፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«መሮጥማ ማንም ሳያስተምረው ተወልዶበታል። መቆም ያውቃል ወይ? የሰውን ድምፅ መስማት ያውቃል ወይ? ደግሞስ ልጁ ምን ያውቃል?»

«ልጁማ ምንም አያውቅም፤ ሊማር ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ሁለቱም ተማሪዎች ከሆኑ አስተማሪው ማነው?»

መልስ አጣሁ። አባቴ ያን ውርንጭላ በገዛበት ቀን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ አልነበረም።

በዚያ ቀን ምንም ሳንገዛ ተመለስን። ሽማግሌው ሲያስረዱኝ፣ የገበያ ፈረስ እንደሚታየው አይደለም፤ ሩቅ መንገድ ተነድቶ የደከመ፣ ወይም ሳምንት ሙሉ ሳይጠግብ የሰነበተ ፈረስ ገበያ ላይ ሲያዩት ገር ይመስላል፤ ወር ሙሉ በልቶ ሲጠግብ ግን ሌላ ፈረስ ይሆናል አሉኝ። ስለዚህ ለልጅ የሚሆን ፈረስ በቤቱ፣ በለመደው ደጅ፣ ባለቤቱ ሳይዘጋጅ መታየት አለበት። ከአንድ ወር በኋላም በዚያው ወረዳ ገበሬ ቤት ያለች አንዲት ባዝራ አስበው አስጠሩን፤ የሄድነውም ሳናስታውቅ ነው።

ባዝራዋን ባየሁ ጊዜ ልቤ ወደቀ። ቡላ ናት፤ ሆዷ ሰፊ፣ ጋማዋ የሳሳ፣ የታችኛው ከንፈሯ የተንጠለጠለ፣ ዐይኖቿ በእንቅልፍ የተያዙ የሚመስሉ። ጦር ሜዳ ቀርቶ ሠርግ እንኳ የምትሄድ አትመስልም። ሽማግሌው ግን በእርጋታ ይመረምሯት ጀመር፤ እኔም የሚያደርጉትን ሁሉ እየተከተልኩ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። አንዱን አንባቢ ሊጠቅም ይችላልና በቅደም ተከተል እነግራለሁ።

የጀመሩት ከእግሯ ነው። አራቱንም ሰኮና አንድ በአንድ አንሥተው ስንጥቅ እንዳለው፣ ሽታ እንዳለው፣ እርስዋም እግሯን ስትሰጥ ትቈጣ እንደ ሆነ አዩ። ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ ግልቢያ መጽሐፍ የጻፈው ግሪካዊው ክሴኖፎን፣ ፈረስ የሚገዛ ሰው ምርመራውን ከእግር እንዲጀምር መምከሩን ቀደም ሲል አንብቤ ነበር፤ መሠረቱ የማይረባ ቤት ላዩ ቢያምር ምን ይጠቅማል ይላል። የጨንቻው ሽማግሌና የአቴናው ጸሐፊ በዚህ ነገር መስማማታቸው አስደነቀኝ።

ቀጥለው አፏን ከፍተው ጥርሷን አዩ። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን መለወጥ የሚጀምረው በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የሚጨርሰው በ5 ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜው የሚገመተው በጥርሱ አበላልና በአዘነባበሉ ነው። ባዝራዋን ከ12 ዓመት አያሳንሷትም አሉ። እኔ «አርጅታለች» ብዬ ሳስብ እርሳቸው «በስላለች» አሉ። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ አሥራ ሁለት ዓመት ለአስተማሪነት የሚያበቃ የጎልማሳ ዕድሜ እንጂ የእርጅና ዕድሜ አይደለም።

ከዚያም እጃቸውን በጀርባዋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉ። ኮርቻ በሚያርፍበት ስፍራ ነጭ ጠጉር የበቀለበት ነጥብ ካለ የዱሮ ቁስል ምልክት ነው። የዱሮው ካልታመመ ግድ የለም፤ አዲስ ቁስል ያለበትን ግን መተው ነው። ጀርባው የሚያመው ፈረስ ሲጭኑት ይናከሳል፣ ሲወጡበትም ይዘላል፤ ሰውም ሕመሙን ሳያውቅለት ክፉ ጠባይ ነው ይለዋል። ቀጥለው በሶምሶማ አስኬዷት፤ ማንከስ አለመኖሩን በዐይናቸው፣ ሳል አለመኖሩን በጆሯቸው አረጋገጡ።

ስለ ቁመቷ ጠየቅኳቸው፤ ትንሽ መስላኛለችና። የዓለም አቀፍ የፈረሰኛ ስፖርት ፌዴሬሽን እስከ 148 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቁመት ያለውን ፈረስ ፖኒ ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ልኬት ከሄድን ከአገራችን ፈረሶች አብዛኞቹ ፖኒዎች ናቸው፤ አባቶቻችንም የዘመቱት በእነዚሁ ነው። ስለዚህ ትንሽነት ነውር አይደለም። ፈረስ ያለ ጉዳት የሚሸከመው ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ነው ተብሎ ይገመታልና፣ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ 50 ኪሎ ቢሸከም አይከብደውም። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል። ልጁ ያለ ሰው እርዳታ ሊጭነውና ሊወጣበት የሚችለው ፈረስ፣ ቢወድቅም ከሩቅ አይጥለውም።

በመጨረሻ ጠባይዋን ፈተኑ። ባለቤቱ ጭኖ ራሱ እንዲወጣባት አደረጉ፤ ሻጩ የማይወጣበትን ፈረስ ልጅህን አታውጣበት ሲሉኝ ነው። ከኋላዋ ጣሳ አንኳኩ፤ ጆሮዋን ዞር አድርጋ ሰማችና ሣሯን ቀጠለች። ከዚያም ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው በፊቷ አራገቡት። በዚህ ጊዜ እኔ ሳላውቀው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ቀኝ ክንዴንም በግራ እጄ ይዣለሁ። ባዝራዋ ግን ነጠላውን አሸተተች። ሽማግሌው ባዝራዋን ትተው እኔን አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም።

ቢሆንም እኔ ገና አልተሸነፍኩም። «አባቴ፣ ሰው ምን ይለናል? ልጁ በባዝራ ተቀምጦ፣ ያውም በእንዲህ ያለችው!» አልኳቸው። እርሳቸውም፣ «ፈረሱ የሚገዛው ለሚያየው ሰው ነው ወይስ ለሚቀመጥበት ልጅ?» አሉኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ የጥንት መኳንንት ትዝ አሉኝ። እነዚያ ስማቸው ከፈረስ ስም ጋር የሚጠራ ጀግኖች ረጅም መንገድ የሚጓዙት በበቅሎ ነበር፤ የጦር ፈረሳቸው በአሽከር እየተሳበ ይከተላቸው ነበር እንጂ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚስማማውን እንስሳ መለየት ዐዋቂነት እንጂ ፈሪነት አልነበረም። እኔ ከታሪክ የያዝኩት ድንጉላውን ብቻ ነው፤ በቅሎዋን ረስቻታለሁ።

ባዝራዋ ተገዛች። ልጄ ዐይኑ እንባ አቅርሮ «ይህቺ አባ መብረቅ አይደለችም» አለ። አያቱም «አዎን አይደለችም። ይህቺ የኔታ ናት፤ ፊደል የምታስቈጥርህ» አሉት። ስሟም የኔታ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ላንቴ ወስጃት ልመለስ ስነሣ ሽማግሌው በሩን ዘጉብኝ ማለት ይቻላል። «ልጅህን ከአደጋ ለማዳን ይህን ያህል ደክመን እርስዋን ልትገድላት ነው?» አሉኝ። በቆላችን ፈረስ የሌለበት ምክንያት እነሆ ይህ ነው። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ባለው ቆላ የቆላ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ አለ፤ ገንዲ መድኃኒት አለው እንጂ ክትባት የለውም። ከዚህ ሌላ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው አለ፤ ይህን የሚያስተላልፉት ከዝናብ በኋላ በሙቅ አገር የሚበዙ፣ ከመሸ እስኪነጋም የሚናደፉ ደቃቅ ትንኞች ናቸው። የያዘው ፈረስ ከዐይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀን ይሞታል። ለዚህኛው ቢሾፍቱ ላይ ክትባት ይዘጋጃል፤ ነገር ግን ክትባቱ ትንኙንም ዝንቡንም ከመንደር አያጠፋምና፣ በደጋ ተወልዳ የበሰለችን ባዝራ ወደ ሙዝ ማሳ ማውረድ ጭካኔ ይሆን ነበር። ስለዚህ የኔታ በጨንቻ፣ በአያት ደጅ እንድትቀር፣ ልጁም በትምህርት ዕረፍቱ ወደ እርስዋ እንዲወጣ ተስማማን። ልጄ ያን ቀን እስከ ላንቴ ድረስ አላናገረኝም።

ክረምት ሲገባ ልጁ ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ኮርቻ አልነካም፤ ውሃ ማጠጣት፣ ሣር ማጨድ፣ ገላዋን ማበጠርና ሰኮናዋን መጥረግ ብቻ ነበር ሥራው። በሁለተኛው ሳምንት አያቱ ለኮውን ይዘው እየሳቡ አስቀመጡት። ራሱን ከድንጋይ እንዲጠብቅለት የብስክሌት ነጂዎች የሚደፉትን ቆብ ከአርባ ምንጭ ገዝቼ ልኬለት ነበር። አያቱ ስለ እርካቡ ሲጠነቀቁ፣ የጫማው ጫፍ ብቻ እንዲገባና እግሩ በቀላሉ እንዲወጣ አደረጉ፤ ከፈረስ መውደቅ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ እግር በእርካብ ተይዞ መጎተት ይብሳልና።

በሦስተኛው ሳምንት እኔ ልጠይቀው በወጣሁበት ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ልጁ በመስኩ ላይ ብቻውን በሶምሶማ ይዞር ነበር። ሲታጠፍ ሚዛኑን ሳተና ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ጋማዋንም ጨብጦ ተንጠለጠለ። የእኔ ልብ ቆመ። የኔታም ቆመች። ማንም ሳያዛት አራት እግሯን ተክላ፣ አንገቷን ዞር አድርጋ የሚሆነውን ጠበቀች። ልጁ ቀስ ብሎ እርጥቡ ሣር ላይ ወረደና ሳቀ። ከዚያም ልብሱን አራግፎ ተመልሶ ወጣ። እኔ አጥሩን ይዤ በቆምኩበት ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ ያጣሁት ድፍረት አልነበረም። ያጣሁት ስንሸራተት የሚቆምልኝ ፈረስ ነበር።

ያን ማታ እሳት ዳር የክንዴን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጄ ነገርኩት። በማግሥቱ ጧት የኔታን ጭኖ፣ ለኮዋን ይዞ ወደ እኔ መጣና «አባዬ፣ ውጣ። እኔ እይዛታለሁ» አለኝ። እኔም ከኪሎዬ አንጻር ለአጭር ጊዜ ብቻ ወጣሁ። መስኩን አንድ ጊዜ ዞርን፤ እርሱ እየሳበ፣ እኔ እንደ ሕፃን ጋማዋን ይዤ። ሽማግሌው ከደጃፉ ሆነው ያዩን ነበር።

እንግዲህ ለልጁ ፈረስ ሊገዛ የሚያስብ አባት ቢኖር ምክሬ አጭር ነው። ከመልክ በፊት ጠባይን፣ ከፍጥነት በፊት መቆምን፣ ከወጣትነት በፊት ብስለትን ተመልከት፤ ፈረሱ የሚኖርበት አገር ለፈረሱ የሚስማማ መሆኑንም መርምር። ይህ ምክር ለፈረስ ብቻ አይመስለኝም። አዲስ ጀማሪን ከአዲስ ጀማሪ ጋር አጣምረን ትልቅ ሥራ ስንሰጥ፣ ሲወድቁም ሰነፎች ናቸው ስንል በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አይቻለሁ። ለወደቀ ሁሉ፣ ከመፍረድ በፊት፣ አስተማሪው ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ልጄን በቅርቡ «አባ መብረቅስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እርሱ ሁለተኛው ፈረሴ ነው፤ የኔታ ስትፈቅድልኝ እገዛዋለሁ» አለኝ።